የመቃብሩ ግራር አፈር

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ ዙልፋ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጋርድሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ፤ ጉልበቴ ብቻ እንቢ ብሏል።

ግራና ያለው ማሳችን ላይ የዘራነው ማሽላ ዘንድሮም እሸት ሳይዝ ደረቀ። የግብርናው ባለሙያ ዳምጠው መጥቶ «አባባ፣ መሬትዎ ሞቷል። ለሥር ውሃ የሚያቀብለው ደግ ሻጋታ የተረፈው ከመቃብሩ ግራር ሥር ብቻ ነው፤ ከዚያ አፈር ወስደን ከዘሩ ጋር እንቅበረው» አለኝ። «ሻጋታ እንጀራ ያበላሻል እንጂ እህል ያበቅላል?» ብዬ ሳቅሁበት። ግን ግራሩ ሥር የተኛችው እናትሽ ናት። የእሷን አፈር እንዴት ልዛቅ?

ያዋጣል ብዬም አላምንም፤ ዝናቡም እንደ ቀረ ነው። ሌላ የምሞክረው ግን አላገኘሁም። አላህ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። አፈሩ ይነሣ ካልሽ ደውይልኝ። አይነሣ ካልሽም ደውይ፤ ድምፅሽን ልስማ።

አባትሽ አብዱልሐሊም