ያልተጫወትንባቸው ጠጠሮች

እሁድ፣ ግንቦት 10

ደክሞኛል፤ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ዛሬም የፖከር ጠጠር፣ ማለትም የካርታ ቁማር መወራረጃ ጠጠር፣ የምንሰበስበው ሦስታችን፣ እኔ፣ ሰሚራና ጋሽ ዩሱፍ፣ እሳቸው ቤት ተገናኘን። ልማዳችን ያው ነው። ጠጠሮቹን በጨርቅ ይዘን እናያለን፣ እናደንቃለን፣ ወደ ሳጥናቸው እንመልሳለን። በባዶ እጅ መንካት ነውር ነው። ዛሬ ግን ሰለቸኝና የሆዴን ተናገርኩ፤ «ካልተጫወቱበት ጠጠር ምን ይሠራል? አውጥተን እንጫወትበት።»

ሰሚራ «አቦ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ጋሽ ዩሱፍ ግን ተነሡና ከአንድ የድሮ ክበብ ያተረፉትን ሳጥን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ድምፁ ደስ ሲል! ካርታ ከጎረቤት ተዋስን። ሰሚራ በውዛ አደለችን።

ካርታዬን ይዤ ጠበቅኩ። ሰሚራም ጠበቀች። ጋሽ ዩሱፍ የደረሳቸውን አገላብጠው አዩና ቀስ ብለው «እንግዲህ ልጆቼ፣ ፖከር እንዴት ነው የሚጀመረው?» አሉ።

እኔ እሳቸው ያውቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ደግሞ እኛን አምነው ኖሯል። ሰሚራም እንደማታውቅ ተናገረች። ይህን ሁሉ ዓመት አንዳችን ሌላችንን ጠይቀን አናውቅም።

ጠጠሮቹን ለቅመን ወደ ሳጥኑ መለስናቸው፤ በባዶ እጃችን። ጨርቁ ማናችንንም ትዝ አላለንም።