ደረጃው ላይ የሚፈለገው ቁልፍ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? «ደህና ነኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ትኩሳት ይዞሽ ጥርስሽ እየተንቀጫቀጨ እንኳ መልስሽ «ደህና ነኝ» ነበር። እኔ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ምንም አልል። ጋራዡም አለ፤ ሰዉም መኪናውን መስበር አልተወም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰሚ «ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን ተቀዶ እስኪጣል ድረስ ሁለት መስመር ይነበባል ብዬ ነው። እዚህ ከደረስሽ ደግሞ እንግዲህ ጨርሺው፤ ምን ቀረሽ።

ያ በዓመት አንዴ ደም የምንሰጥበት ጥናት ትዝ ይልሻል አይደል? ከአንድ ድስት የሚበሉ ባልና ሚስት ልባቸውም ስኳራቸውም ምን እንደሚሆን እንከታተላለን ብለው የመዘገቡን። አንቺ ከተለያየን ወዲህ ቀረሽ፤ እኔ ግን አንድም ዓመት አልቀረሁም። እውነቱን ለመናገር የምሄደው ደም ከሰጡ በኋላ ለሚመጣው ሻይና ብስኩት ነበር። ዘንድሮ ግን ሲአርፒ የሚሉት አዲስ ምርመራ ጨመሩና እንቅልፍ ነሳኝ። ፈርቼ አይደለም። ነገሩ ገርሞኝ ነው።

ቁስል ተቆጣ እንላለን አይደል? ልክ እንደዚያ ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ ሲቆጣ፣ ጉበት አንድ ነገር እየሠራ ደም ውስጥ ይለቅቃል። የሚለኩት እሱን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲሻለው ይወርዳል፤ ይሄ ምንም አይደል። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳያመው፣ እየበላ፣ እየሠራ፣ እየሳቀ፣ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ እንዳለ ዓመታት ይኖራል አለችኝ የጥናቱ ዶክተር። የልብ ሕመምና ስኳር ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ካለው ሰው ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰው ያዘወትሩታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ።

የእኔ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምኔ ነው የተቆጣው ብዬ ጠየቅኳት። እሱን ቁጥሩ አይናገርም፤ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅም አይደለም፤ ከደም ግፊቱ፣ ከስኳሩ፣ ከስቡ፣ ከሲጋራው ጋር አብሮ የሚታይ ነው አለች። ቁጣው ራሱ ነው በሽታውን የሚያመጣው፣ ወይስ ወሬ ነጋሪ ብቻ ነው አልኳት። ገና እየተመራመርንበት ነው ብላ ሳቀች። ዶክተር ሆና አላውቅም ስትል ደስ አለኝ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። መሪው ሥር የሚበራው ቀይ መብራት ነው። ሞተሩን እየው ይልሻል እንጂ የቱ ብሎን እንደላላ አይነግርሽም።

አንድ ጊዜ ታይቶ አይታመንም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ ተባልኩ። እንግዲህ የባልሽን ጉድ ስሚ። የቀድሞ ባልሽን ማለቴ ነው። ለጉልበቴ የታዘዘልኝ የእብጠት ክኒን መሳቢያ ውስጥ ተርፎ ነበር። ቁጣ ያበርዳል ከተባለ ቁጥሩንም ያወርደዋል ብዬ ከቀጠሮው በፊት ጠዋትና ማታ ቃምኩት። ጋራዥ የሚመጡትን ታስታውሻለሽ፣ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ «ይቺን ቀይ መብራት አምፖሏን ንቀልልኝ» የሚሉትን። እነሱን እያባረርኩ የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና የራሴን አምፖል ልነቅል ተነሳሁ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ጨጓራዬ ብቻ ነደደ። ደም የምትቀዳው ሲስተር ምን ወስደው ነው ብላ ስታፋጥጠኝ ተናዘዝኩ፤ ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለተኛ ሳያማክሩን እንዳይወስዱ ብላ ደግሞ ቆጣ አለችብኝ።

ከዚያማ ብልሃቴ ሲያልቅ ፍለጋ ጀመርኩ። ሞተር ተመልከት ከተባልኩ ኮፈኑን መክፈት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? በግራ በኩል ብቻ የማኝከው ትዝ ይልሻል፤ «በአንድ ጎማ የሚሄድ መኪና» ትዪኝ ነበር። የቀኙ መንጋጋዬ ለካ ሥሩ በስብሶ፣ ድዴ ስቦርሽ ሁሉ እየደማ፣ እኔ ደሙን በውሃ እየተጉመጠመጥኩ ስተፋ ነው የኖርኩት። የጥርስ ሐኪሙ ነቅሎ አሳየኝና ይሄን ተሸክመህ ነው ወይ የምትዞረው አለኝ። ሲጋራዬንም ተውኩ። አታምኚም አይደል? ልጃችንን ሚጢጢን ጠይቂያት። ጠዋት ጠዋት ጋራዥ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል።

በሦስተኛው ምርመራ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ጥርሱ ነው ወይስ ሲጋራው ወይስ እግሬ አልኳት ዶክተሯን፤ አላውቅም አለችኝ አሁንም። እኔ ደግሞ ተቆጨሁ። ጋራዥ ቢሆን አንድ ዕቃ ቀይረን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ አዳምጠን ነበር ሌላውን የምንነካው። እርስዎ መኪና አይደሉም፣ ሁሉንም ባንዴ ያድርጉ ብላ አሳረፈችኝ። ስኳሬም ጠርዝ ላይ ነበር፤ እንዳያልፍ እንጠብቀዋለን ብላኛለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የምሽከረከረው ፈርቼ ነው።

ያኔ አብረን የሰጠነውን ደም አልደፉትም ነበር። በረዶ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠውት፣ አዲሱ ምርመራ ሲመጣ አውጥተው ለኩት። የእኔንም፣ የአንቺንም። ሲስተሯ ባለቤትዎስ ብላ ጠየቀችኝ። በየዓመቱ ትጠይቀኝ ነበር፤ አንዱን ዓመት እናቷን ልትጠይቅ ሄዳለች፣ ሌላውን ዓመት ሥራ ይዟት ነው እያልኩ አልፌያለሁ። ሲስተሯ ደህና የሆነ ነገር ስትነግርሽ ቀና ሳትል እየጻፈች ነው የምትነግርሽ። ዘንድሮ ግን እስክሪብቶዋን ከደነችና ዓይኔን አየችኝ። ደውዬላቸው ነበር፣ አላመመኝም ብለው ዘጉት፤ ጋሼ፣ እባክዎ «ይምጡ» ይበሉልኝ አለች። ውጤቷ ምንድን ነው ብዬ ብለምን ብሠራ አፏን አልከፈተችም። ደሟ የእሷ ነው፣ የምነግረውም ለእሷ ብቻ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ እኔ የማውቀው ነገር የለም። እስክሪብቶውን ብቻ ነው ያየሁት።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሚጢጢ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ስታወራ፣ እማዬ መርሳት ጀምራለች መሰለኝ አለች። ደረጃ ስትወጡ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመሽ ቦርሳሽን ከፍተሽ ቁልፍ ትፈልጊያለሽ አሉ። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ። ልጅ ናትና መርሳት መሰላት። እኔ ግን ምሳውን ከድኜ አስቀመጥኩት። አንቺ እኮ ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምረሽ ቁልፍሽን ጣትሽ ላይ አንጠልጥለሽ የምትሄጂ ሴት ነሽ። ስትመጪ ሳላይሽ የማውቅሽ በቁልፉ ድምፅ ነበር።

ለሚጢጢ ምንም አልነገርኳትም። አንቺንም ላስፈራራሽ አይደለም። ዶክተሯ እንዳለችው ያረጀ ደም ላይ የተገኘ ቁጥር የዛሬውን አይናገርም፤ ዛሬ ወርዶም ሊሆን ይችላል። በቁልፍ ፍለጋ የምትደብቂው ትንፋሽ ማጠር ግን የዛሬ ነው። ለእሱ የጥናቱን ቀን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይሽ፣ ስለ ደረጃው እንደሆነው ንገሪው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔን ብትጠዪኝም ይሄን ስሚኝ።

ለምርመራው ለምን እንደማትመጪ ሚጢጢን በጎን ጠየቅኳት። እዚያ ሁለት ወንበር አጠጋግተው «ቤተሰብ» ብለው ሲጠሩን ከእሱ ጋር መቀመጥ ይከብደኛል ብለሻል። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፣ አልፎልኛል።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ሄጄ ለሲስተሯ ነገርኳት። ባለቤቴ ከእኔ ጋር አትኖርም፣ ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፏል አልኳት። ለሌላ ሰው በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ጋራዥ ያሉት እንኳ አሁንም ድረስ ሰላምታ በእኔ በኩል ይልኩልሻል፤ እኔም አደርሳለሁ እላለሁ። ሲስተሯ ደም ሳልሰጥ ሻይ አመጣችልኝ። እንዲህ ከሆነ ፋይሉን ለይቼ ለየብቻ ቀን እሰጣችኋለሁ፣ ልለያችሁ ወይ አለችኝ። ለዪን አልኳት።

የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ያንቺ ነው። የእኔ ማክሰኞ ሆኗል፤ በሐሙስ በዚያ መንገድ እንኳ አላልፍም። በባዶ ሆድሽ ሂጂ፤ ጉንፋን ካለብሽ ንገሪያቸው። ውጤትሽን ለእኔ መንገር የለብሽም። ለሚጢጢ ንገሪያት፣ እኔ ከፊቷ አነበዋለሁ።

ጓዳሽ ይሙላ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጃችንን ለቁም ነገር አብቅተሽ የልጅ ልጅ ታቅፈሽ ለማየት ያብቃሽ። ደረጃ ስትወጪ አትቸኩዪ፤ ቁልፍ ባትፈልጊም ቁሚ።

ሌላ ምን ነበር? አዎ፣ ወንበሮቹ። በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ያንቺ የነበረው፣ እግሩ ይነቃነቅ ነበር። ማክሰኞ መፍቻ ይዤ ሄጄ አጥብቄዋለሁ። ሁለተኛውን ሲስተሯ ወደ ግድግዳው እንድታሸሸው ነግሬያታለሁ፤ ቦርሳሽን ታስቀምጪበታለሽ።

የልጅሽ አባት