የአዋሹ መዝገብና የእኔ ክላስ

ሰኞ
የአዋሽ ቅርንጫፋችን የከባድ መኪና መግቢያ መዝገብ ከኮምፒውተር ላይ ጠፋ። የሦስት ሳምንቱ። ጠዋት የእህቴ ልጅ ዘይነባ፣ መዝገብ ያዧ፣ ደወለች። ሰመራ ተቀምጬ የቅርንጫፎቹ ፋይል የሚቀመጥባቸውን ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹን፣ የምጠብቀው እኔ ደግሞ «ጥፍርሽን አስረዝመሽ የማይነካ ነክተሽ ይሆናል» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያልቃል።

ማክሰኞ
እኔ ነኝ ያጠፋሁት።
አሮጌ ፎልደር በራሳቸው የሚያጸዱ ስክሪፕቶች፣ አጫጭር የኮምፒውተር ትእዛዞች፣ ነበሩኝ፣ ለየሰርቨሩ አንድ አንድ። አስቀያሚ፣ ግን ታማኝ። ባለፈው ሳምንት በፕሮግራም አጻጻፍ ክላስ የሚባለውን፣ ለብዙ ነገር የጋራ ቅርጽ የሚሆነውን፣ ራሴን አስተምሬ፣ ሁሉንም «ሰርቨር» በሚል አንድ ክላስ ጠቀለልኩ። እንዴት እንደተኮፈስኩ! የሚሰረዘውን ዝርዝር ለእያንዳንዱ ሰርቨር ለብቻው መስጠት ሲገባኝ ሁሉም በሚጋሩት ክላሱ ላይ አኖርኩት። ግቢ መሃል አንድ ጀሪካን አቁሞ ለየተከራዩ «የግልህ ነው» እንደማለት። ለሰመራ ብዬ «መዝገብ» የሚለውን ፎልደር ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩ፤ እዚህ ያለው የሞተ ቅጂ ነው። አዋሽ ላይ በዚያው ስም ያለው ዋናው ነው። ስክሪፕቱ እዚያም ሰረዘው። መጠባበቂያ ቅጂውን እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀመጥኩትም እኔው።
ሦስተኛው ቅርንጫፋችን አሳይታ እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም። አልሐምዱሊላህ።

ረቡዕ
የስክሪፕቱን ስህተት ለማረም አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ የጠፋው መዝገብ ግን አልተመለሰም።
ሦስት ጊዜ እስከ ኃላፊያችን እስከ አቶ ኪዳኔ በር ሄጄ ተመለስኩ። አራተኛው ላይ ገባሁና ስለ ሙቀቱ አወራሁ። የዘይነባን የስንብት ደብዳቤ እያዘጋጀ እንደሆነ ነገረኝ። ለቢሮው ሁሉ ቅጽል ስም የማወጣው ሰውዬ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ
ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ስክሪፕቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ ምንም አልነካችም አልኩ።
አቶ ኪዳኔ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለኝ።
«ከማክሰኞ።»
የሰርቨሮቹን የይለፍ ቃል አስረከብኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በእኔ ስም ይጻፋል።

ዓርብ
ዘይነባ ቋሚ ሆነች። ከሰዓት ደወለች። ስድብ ጠብቄ ነበር።
«አጎቴ፣ ማክሰኞ ደውለህ አይዞሽ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»
ያንን ስልክ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። አዎ አልኳት።
ስልኩን አልዘጋችውም። የሾፌሮቹን ደረሰኝ እያየች መዝገቡን እንደ አዲስ እየጻፈች እንደሆነ ነገረችኝ። ደረሰኙ ሁለት ካርቶን ነው። እሁድ አዋሽ የምትመጣ ከሆነ አንዱን አስቀምጥልሃለሁ አለች።
እመጣለሁ አልኳት። ስትሰናበተኝ አጎቴ አላለችኝም።