የቦጋለ ምድጃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1960

ጠዋት ሱቅ ከፈትኩ። አንድ የጭነት መኪና አሮጌ ባትሪ አራግፎ ወደ መሳለሚያ ሄደ። ሠራተኛዬ ዱባለ ባትሪውን ይሰብራል፣ እርሳሱን አውጥቶ ምድጃው ላይ ያቀልጣል፣ ለባትሪ ማደሻ በፎርማ ያፈሳል። እኔ ከባለታክሲዎች ጋር እከራከራለሁ። አንዱ የሰይቼንቶ ታክሲውን ባትሪ ተሸክሞ ገባና፣ "ወንድ የለም እንዴ እዚህ ቤት?" አለኝ። "ነበረ። ሞተ። አሁን ያለሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ባትሪውን አስቀመጠ።

ራሴን ያመኛል። ከማጅራቴ ይጀምርና ወደ ላይ... ከጩኸቱ ይሆን? የመርካቶ ጩኸት ድሮም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ ይመር መጣ። የባሌ የቦጋለ ታላቅ ወንድም። ይህን ሥራ ድሮ አብረው ነው የጀመሩት፤ ዓመታት ሠርቶ ነው እሱ ትቶ ጎጃም በረንዳ የእህል መጋዘን የከፈተው። ፊት ለፊት "ጋሼ"፣ "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን "እሱ" ነው። ማን ይሰማኛል?

ምድጃውን ዞሮ አየና፣ "ሠርኬ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው። ለኔ ስጪኝና ዕረፊ" አለኝ።

ዕረፊ... የት ሄጄ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ራሴ አልተሻለውም። አስፕሪን ዋጥኩ። ምንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ገበያው በደራበት ሰዓት ነሰረኝ። ነጠላዬ ተበላሸ። ደንበኛ ፊት... ቁጭ አልኩና አንገቴን ቀና አደረግሁ፤ አልቆም አለ።

ካሚላ ደረሰች። አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ትሸጣለች፤ በየቀኑ በኔ በር ነው የምታልፈው። ፊቴን አጠበችኝና፣ "ሰኞ ሐኪም ቤት ነን" አለች።

"ሰኞ ሥራ አለብኝ።"

"እዚሁ ወድቀሽ ብትቀሪ ሥራውን ማን ይሠራልሻል? ይመር?"

በስሙ ነው ያስነሳችኝ። ታውቃለች።

ቦጋለም የወደቀው እዚሁ ነው። አምና በታኅሣሥ፣ ምድጃው አጠገብ። አፉ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ሳይመሽ አለፈ። ደም ብዛት ነው አሉ። ደም ብዛት ከምን ይመጣል? ከንዴት። ማን አናደደው? ሚስቱ። ይመር ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወንድሜን የገደለው ያንቺ አፍ ነው" አለኝ። መልስ አልሰጠሁም። ያን ቀን አቅም አልነበረኝም።

እውነት ነው፣ እከራከረው ነበር። እሱም ይከራከረኝ ነበር። ባልና ሚስት ነበርን። በዚህ ሰው ይሞታል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። ክንዴን በጨርቅ አስሮ ነፋ፣ አዳመጠ፣ እንደገና ነፋ። ፊቱ ተለወጠ።

"የደም ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል።"

"ንዴት ነው?" አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

"ማን ነው ንዴት ነው ያለዎት?"

ስንት ዘመድ ልጥራለት?

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ባትሪ ቤት አለኝ።"

"እርሳስ ታቀልጣላችሁ?"

"ድሮ ባሌ ነበር። አሁን ሠራተኛዬ ያቀልጣል፤ እኔም እዚያው ነኝ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። አፍዎን ይክፈቱ አለኝ። ከንፈሬን በጣቱ ገልብጦ ድዴን በመብራት አየ። የጥርስ ሐኪም ነው እንዴ ብዬ ልስቅ ነበር። አልሳቀም። ደም ቀዳ። ክኒን ሰጠኝ፣ ጨው ይቀንሱ ተባልኩ፣ ኅዳር ሲገባ ይመለሱ ተባልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ጨው የሌለው ሽሮ በላሁ። ጭቃ ነው። ማታ ጨው ጨመርኩበት።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ልጻፈው። እንዳለው ልጻፈው።

"ደምዎን በአጉሊ መነጽር አየነው" አለኝ ሐኪሙ። "የእርሳስ ምልክት አለበት። ድድዎ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመርም የእርሳስ ምልክት ነው። ሲቀልጥ ከጢሱ ጋር ይተነፍሱታል፣ ከእጅዎ ላይ ከእንጀራዎ ጋር ይበሉታል። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቶሎ አይወጣም። ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ደሙን ሽቅብ ይገፋዋል።"

"ንዴትስ?"

"ንዴት ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል። ሲበርድልዎ ይወርዳል። የእርስዎ ግን ተኝተውም አይወርድም።"

"ባሌ... በደም ብዛት ነው የሞተው። ዕድሜውን ሙሉ ምድጃው ላይ ነበር።"

"ያልመረመርኩትን ሰው በዚህ ሞተ ብዬ መማል አልችልም" አለ። "ግን ያን ያህል ዘመን እርሳስ ላይ ቆሞ ደሙ ከፍ ባይል ነበር የሚገርመኝ።"

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ። ባሌ በምን እንደሞተ ሰምቼ ደስ አለኝ... ምን ዓይነት ሴት ነኝ? እኔ አልገደልኩትም። እኔ አይደለሁም። ደጋግሜ አልኩት፤ የሚያልፍ ሰው ያየኝ ነበር፤ ይየኝ።

ቀጥሎ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። ምድጃው አሁን የኔ ነው። እሳቱም ዛሬ እየነደደ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አላጠፋሁትም።

ለምን ላጥፋ? ይመር በስድብ ውጪ ይለኛል። ሐኪሙ በትምህርት ውጪ ይለኛል። ሁሉም ውጪ ነው። ይህን ሱቅ ቦጋለ ከሞተ በኋላ በጥርሴ ይዤ ነው ያቆየሁት። ባትሪ ማደስ ማለት እርሳስ ማቅለጥ ነው። እርሳሱ ከሌለ ምን ይቀረኛል? በርና ጣሪያ።

መስኮት አስፋለሁ። ዱባለ አፉን በጨርቅ ያስራል። ይበቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። እንደ ልማዱ ሁሉም ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ አነደደ፤ በሽታ ይወጣል ብሎ። ከአውቶብስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ ሰማይ የለም። ካሚላ እያሳለች መጣችና፣ "ያንቺ ግን በየቀኑ ኅዳር ነው" አለችኝ። ቀልዷን ነው። አልሳቅሁም።

መስኮቱን አሰፋሁት። ጢሱ በዚያ ወጥቶ በበሩ ይገባል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ዱባለ ጭልፋውን ጣለ።

የቀለጠው እርሳስ መሬት ላይ ተረጨ፤ እግሩን ለጥቂት ሳተው። እኔ ጮህኩ፣ እሱ አልጮኸም። ቀኝ እጁን ያያል። ከአንጓው ታጥፎ ተንጠልጥሏል፤ ቀና አድርገው አልኩት፤ አልሆን አለው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል፣ እትዬ። ብርድ ነው መሰለኝ።"

"ሆድህንስ ያምሃል?"

"እሱማ ሁልጊዜ ነው።"

ሁልጊዜ ነው ይለኛል። በየቀኑ አብሬው እየዋልኩ... አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ዱባለን ይዤ ሄድኩ። የሱ ደም ግፊት ከኔም ይበልጣል። ሐኪሙ ሁለቴ ለካ። ድዱም ያው ነው። ጨርቁ ምንም አልጠቀመውም።

"ምድጃው ላይ መቆሙን ካልተወ እጁ አይመለስም። እጁም ብቻ አይደለም የሚጎዳው" አለኝ። ለኔ ነው የነገረኝ፤ ለዱባለ አይደለም። አሠሪው እኔ መሆኔን ያውቃል።

መንገድ ላይ ዱባለ፣ "ከሥራ ያስወጡኛል?" አለኝ። ይህን ብቻ ነው የጠየቀኝ። ይህ ሰው ሲቆጣ ያየ የለም። ሰው ሲሰድበው መሬት መሬት ያያል። ከቦጋለ ጋር ስንጨቃጨቅ ውሃ ልቅዳ ብሎ የሚወጣ ሰው ነው።

"አላስወጣህም። ምድጃውን ነው የማስወጣው" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

እሳቱን ራሴ አጠፋሁት። ዱባለ ላግዝ አለ፤ ውጭ ቁም አልኩት። አፌን አስሬ፣ ውሃ እየረጨሁ አመዱን ጠረግሁ፤ ሐኪሙ ደረቁን እንዳይጠርጉ ብሎኛል።

አሮጌዎቹን ባትሪዎች ሳይሰበሩ ልሽጣቸው? ለማን? እዚያ ማዶ ለሚያቀልጠው። እሱም የራሱ ዱባለ አለው። ያሉትን አንድ ላይ ከመርኩና ላመጣቸው ሰው መለስኩ። ከእንግዲህ አሮጌ አልቀበልም። ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ አዲስ ከአስመጪ ወስጄ እሸጣለሁ። ያዋጣል? አላውቅም።

ነገ ወሬው ይመር ጋ ይደርሳል። ይድረስ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

የቦጋለ ሙት ዓመት። ዘመድ ሁሉ መጣ፤ ከጎጃም ድረስ።

ከበሉ በኋላ ይመር ተነሳ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሰው ኀዘን መሰለው። "ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰበትን ምድጃ ይህች ሴት አፈረሰችው" አለ። "እሱንም በንዴት ጨረሰችው፤ ሥራውንም ጨረሰችው።"

አምና ዝም ብያለሁ። ዘንድሮ ተነሳሁ።

"ጋሼ ይመር፣ ዓመት ሙሉ ሰማሁዎት። አሁን እርስዎ ይስሙኝ። ቦጋለን አናድጄዋለሁ። እሱም አናዶኛል። የኔም ደም እንደሱ ነው፤ ሐኪም ለክቶታል። እሺ፣ እኔ ክፉ ነኝ፣ ክፋቴ በራሴ ደረሰ እንበል። ዱባለ፣ እስኪ ና።"

ዱባለ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ መጣ። አንገቱን ደፍቶ እጁን ዘረጋ። እጁ ተንጠለጠለ። ሁሉም አየው።

"የዚህ ሰው ደም ከኔም ይበልጣል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዱባለን ማን አናደደው?"

የቦጋለ አክስት ዱባለን አጠገቧ አስቀምጣ እጁን ታሽለት ጀመር።

"እርሳሱ ነው" አልኩ። "ሐኪሙ ለቦጋለ አልምልም ብሏል። እኔም አልምልም። እኔ ግን ከእንግዲህ የማንንም ሞት አልሸከምም፤ በቤቴም ሌላ ሰው አይወድቅም።"

ይመር ጋቢውን አንስቶ ወጣ። ተከትለውት የወጡም አሉ። የቀሩት ይበዛሉ።

አላለቀስኩም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17

ይመር ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። ፎርማውንና ጭልፋውን ሊወስድ። "የወንድሜ ዕቃ ነው።"

በሩ ላይ ቆምኩ። "የባሌ ዕቃ ነው። አልሰጥም።"

"ለምን? አንቺ አልፈለግሽውም።"

"ማንም እንዲይዘው ስለማልፈልግ ነው።"

ካሚላና የተራው ሴቶች ከየሱቃቸው ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ተሸካሚዎቹ ይመርን አዩ፣ እኛን አዩ። ይመር "ሌላ አሠራለሁ" ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ይመር ምድጃ አሠርቷል። ጎጃም በረንዳ፣ ከመጋዘኑ ጓሮ። ሠራተኛ ጠፋና ራሱ ነው አሉ የሚቆመው። ደንበኞቼም ወደሱ ሄዱ።

ዛሬ ሦስት ሰው ብቻ መጣ። ዱባለ በግራ እጁ ሽቦ ያገናኛል። ባዶ ሱቅ ውስጥ ሁለታችን ተያየን... ሳቅን። በምን እንደሳቅን አላውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ደም ግፊቴ ወርዷል። ሐኪሙ ደጋግሞ ለካ። "ገና ከፍ ያለ ነው፤ ክኒኑን እንዳይተዉ። ያለፈው ሁሉ አይመለስም። ግን ወርዷል።" የዱባለ እጅ ቀና ይላል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ብርጭቆ ይይዛል።

የሱቁ ነገር ቀስ እያለ ነው። ኪራዩን ቻልኩ። አንድ የአውቶብስ ሹፌር ጓደኞቹን አመጣልኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ይመር መጣ። ብቻውን።

ቁጭ ይበሉ ሳልለው ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ቦጋለ... ማጅራቱን ነበር የሚያመው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ዓይኑስ ይጨልምበት ነበር?"

"ጠዋት ጠዋት።"

መሬቱን አየ። "ያ ሐኪምሽ የቱ ጋ ነው ያለው?"

ምን ልበለው? ዓመት ሙሉ ስለዚህች ሰዓት ያሰብኩት ብዙ ነበር። ሲመጣ አንዱም አልነበረም። ፊቱ ላይ የቦጋለን ግንባር ነው ያየሁት።

"ነገ እኔ እወስድዎታለሁ" አልኩት። "መጀመሪያ ግን ምድጃውን ያጥፉ። አሁን። እኔ እያየሁ።"

"ሥራ አለብኝ፤ የተቀበልኩት ትእዛዝ—"

"እንግዲያው አልወስድዎትም።"

ጠበቅኩት። ተነሳ። አብረን ጎጃም በረንዳ ሄድን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ፍሙን ራሱ አውጥቶ ውሃ ደፋበት። እስኪበርድ ድረስ ቆምኩ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። አልጠበቅኩምም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ወረፋው ረጅም ነበር። ይመር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ አግዳሚው ላይ ቦታ ስይዝለት እንቢ ሳይል ተቀመጠ።

ሐኪሙ ለካው። እንደገና ለካው። ከንፈሩን ገልብጦ አየ። ወደኔ ዞር ሲል እርሳሱ እሱም ውስጥ እንዳለ ገባኝ። ይመርም ገባው።

"ብቻዎን ልንገርዎት?" አለው ሐኪሙ።

ይመር ጎኑ የቆምኩትን እኔን አየኝ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

"አይ" አለ። "የወንድሜ ሚስት ነች ያመጣችኝ። የሚነግሩኝን ለሷም ይንገሯት፤ እኔ አልሰማም፣ እሷ ታሰማኛለች።"

ሐኪሙ ሌላ ወንበር አስመጣልኝ። ተቀመጥኩ።