የደወለችው ለእሱ ነው

ኅዳር 28
ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት። ሦስት መኪና ገባ። ሁለቱ ባትሪ፣ አንዱ ውሃው በረዶ ሆኖ የተሰነጠቀ ቱቦ። ኤርዴኔት ከተማ ክረምት ገባ ማለት ነው።
ሚስቴ ሳራንጎ ከምታዋልድበት ጤና ጣቢያ ስትመለስ «መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ትቆራርጣለች» አለችኝ።
«እንዴት አድርጋ?»
«ጉንፋን እንደያዘው ሰው። ትንሽ ትንዘፈዘፍና ከዚያ ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች።»
ካንዴላ ነው አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታ ኖሬ የሚስቴ መኪና ታቅተኛለች?

ኅዳር 30
አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ። ጋራዥ አሳደርኳት። ማሞቂያ ያለው ጋራዥ በዚህ ሰፈር የእኔ ብቻ ነው። ጠዋት አስነሳኋት... እንደ ሐር። «አለቀ» ብዬ ቁልፉን ሰጠኋት።

ታኅሣሥ 1
አላለቀም።

ታኅሣሥ 4
ኮምፒውተሩን ሰካሁ። ሦስተኛው ሲሊንደር አልፎ አልፎ አይተኩስም ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። እሳት የሚሰጠውን የሦስተኛውን ኮይል ከአንደኛው ጋር አቀያየርኩ። ሳራንጎ ነድታት ተመለሰች፣ አሁንም ሦስተኛው። ኮይልም አይደለም። እኔ ጋራዥ ስታድር ደግሞ አንዴም አትቆራርጥም፣ ደጅ ስታድር ነው። ታሾፍብኛለች?
እራት ላይ ሳራንጎ «ጋልባድራህን ጠይቄው ነበር» አለች።
ጋልባድራህ... ከተማው ዳር፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ መኪና የሚጠግነው። አብሯት የተማረው። ከእኔ በፊት ላግባሽ ያላት።
«ምን አለ?»
«የአየር መግቢያው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ ነው አለ። በብርድ ጎማው ይሸማቀቅና አየር ያስገባል፣ ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል። "ባልሽ ሙቀት ውስጥ እያሳደራት ከየት ያገኘዋል?" ብሎ ሳቀ።»
ሳቀ! ስትነግረኝ እሷም ሳቀች።
«የጠየቅሽው ስለ መኪና ብቻ ነው?» አልኳት።
ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ታኅሣሥ 5
እውነቱን ልጻፈው፣ ማን ያነበዋል? ገና ከአፏ ሳይወጣ ልክ እንደሆነ ገብቶኛል። ጋስኬቱን ግን አልነካሁትም። እሱ ስላለው። የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ። ሌላ ነገር ሆኖ እንዲገኝልኝ።

ታኅሣሥ 9
ስልኳ ላይ ስሙን አየሁ። ሁለት ጊዜ። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። አልጠየቅኋትም... ምን ብዬ? ብሎን ሳጠብቅ ጣቴን ላጥኩ። አንዱ ደንበኛ «ጌታው፣ ብሎኑ ምን በደለህ?» አለኝ።
ማታ «አሁን አስተማማኝ ናት?» አለች። «ከዳገቱ ማዶ የማዋልዳት፣ ቀኗ የደረሰ ልጅ አለችኝ።»
«አስተማማኝ ናት» አልኩ። ዓይኗን ሳላይ።

ታኅሣሥ 12
ሠላሳ አራት ከዜሮ በታች።
ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምጥ ጀመራት ብለው ደወሉላት። ሞተሩን ሳታሞቅ ወጣች። ምጥ ይጠብቃል? ከከተማው መውጫ ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ቀጥ አለች። ደጋግማ ስታስነሳ ባትሪው ሞተ። እና ደወለች። ለእሱ።
እኔ የሰማሁት ከሰዓት ነው፣ ጋልባድራህ መኪናዋን ጎትቶ፣ እሷን ጎኑ አስቀምጦ ሲመጣ። ሰላም ብሎኝ ሄደ።
«የሕፃኑ እትብት አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር» አለች። «አሥር ደቂቃ ብዘገይ...» አልጨረሰችውም። ደህና ነው ልጁ። እናቲቱም።
እኔ ግን ምን አልኩ? «ለምን ለእኔ አልደወልሽም?»
«አንተ ብትመጣ መኪናዋን ልትጠግን ነው። እሱ ቢመጣ እኔን ሊያደርሰኝ ነው።»
«በስልክስ ምንድን ነው የምታወሩት?»
«ስለ አንተ። አንተን ሳላስቀይም ያቺን ጋስኬት እንዴት እንደማስፈታህ።»

ታኅሣሥ 13
ነገርኳት። ጋስኬቱ መሆኑን አውቅ ነበር አልኳት። እያወቅሁ አስተማማኝ ናት አልኩሽ።
«ልጅቷ ስሟ ኡንድራል ነው» አለች። «ሃያ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዋ ነው።»
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 16
መኪናዋን ጋልባድራህ ግቢ፣ ሜዳ ላይ አሳደርናት። ጠዋት ሦስታችንም እዚያ ነን።
«ና እንጂ ዶርጅፓላም! ብርዱን ፈርተህ የቀረህ መስሎኝ ነበር» አለኝ ጋልባድራህ።
ሳራንጎ ቁልፉን አዞረች። ተነሳች... ወዲያው መንዘፍዘፍ። ኮፈኑ ተከፍቷል። ጋልባድራህ ማጽጃ ስፕሬዩን ዘረጋልኝ። «አንተ ንፋ። የቤትህ መኪና ናት።» የሦስተኛው ሲሊንደር አየር መግቢያ ሥር ነፋሁ። ሞተሩ ፀጥ ብሎ ሰከነ። ተውኩ፣ ተንዘፈዘፈ። ነፋሁ፣ ሰከነ። ሦስት ጊዜ። አየር የሚያስገባው እዚያ ነው። ፈታነው፤ ጋስኬቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ድርቅ ብሏል። አዲሱን ገጠምን።
«ልክ ነበርክ» አልኩት። እንዴት ከበደኝ!
«እኔ ምን አውቄ? ጣሪያ የለኝም፣ ብርዱ ሁሉንም ይነግረኛል» ብሎ ሳቀ። ሳራንጎም ሳቀች። አቃጠለኝ። አሁንም።

ታኅሣሥ 24
ሳራንጎ ሕፃኑን ልታይ ስትሄድ «ትመጣለህ?» አለችኝ። ሜዳ ያደረችው መኪና ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሳች። ዳገቱን ወጣን።
የኡንድራል አማት ድንኳኑ ውስጥ የክብሩ ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። የወተት ሻዩን ከሁሉ ቀድመው ለእኔ አቀረቡ። «የአዋላጃችን ባል! መካኒክ ነው አሉ። በዚህ ብርድ መኪናዋን የምታስነሳልን አንተ ነህ!»
ብቀበለው ማን ያውቃል? ሳራንጎ ሕፃኑን አቅፋ ወደ እኔ አላየችም።
«እማማ፣ ይሄ ለእኔ አይገባም» አልኩ። «ያን ቀን ያደረሳት ጋልባድራህ የሚባል ሰው ነው። እኔማ መንገድ ላይ ነው ያቆምኳት።»
አሮጊቷ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። «ለማንኛውም ጠጣ፣ ሳይቀዘቅዝ።» ስንወጣ አንድ ከረጢት የደረቀ እርጎ አስያዙኝ። «ለዚያ ሰውዬ።»
ስንመለስ ሳራንጎ ጋልባድራህ ግቢ በር ላይ አቆመች። «እኔ ልስጠው?»
«እኔ እሰጠዋለሁ።»
ቅናቱ? አለ። ከመኪናው ስወርድም ነበር፣ በሩን ሳንኳኳም ነበር። እየሳቀ ወጣ።
በሁለት እጄ ሰጠሁት።