ሰባተኛው ቤት

ይድረስ ማርሴይ ላለችው እህቴ ለዛሩሂ፤

እንደምን አለሽልኝ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ ከእማማ ጉልበት በቀር ደህና ነን።

«ጋረጊን እማማን ጠየቃት ወይ? ወንድምሽ ነው፣ ይቅር በይው» ብለሽ ጽፈሻል። እስቲ ስሚና ፍረጂ።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ከታሰረበት ጉድጓድ በወጣበት በዓል ጋረጊን ከሞስኮ መጣ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ በመኪናው በደጃችን አልፎ ሽቅብ ወደ ገዳሙ ወጣ። እማማ ሻርፗን አስራ በር ላይ ቆማ ነበር። «ስለቱን አድርሶ ይመጣል፣ ምሳ እንጠብቀው» አለችኝ። እሱ ንግዱ እንዲቃናለት የተሳለውን በግ ቀንዱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስሮ አሳረደ። ያዩት ሰዎች ከባለቤቱ በጉ ጨዋ ይመስል ነበር ብለውኛል።

ከቀትር በኋላ ሾፌሩ በራችንን አንኳኳ፤ በላቫሽ ቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ ይዟል። የስለት ሥጋ አይመለስምና እማማ «ስለቱን ይቀበልለት» ብላ ተቀበለች። «የማን ነው ልጄ?» ስትለው «የጋሼ ጋረጊን ነው፣ እናቴ። ለሰባት ድሃ ቤት አድል ብለውኛል፤ ሰባተኛዋ እርስዎ ነዎት። ‹ከታች መንገድ ያለችውን አሮጊት እንዳትረሳ› ብለውኛል» አላት።

እናቴ ናት አላለውም፣ ዛሩሂ! ድሃ ሲቆጥር ሰባት አልሞላ ቢለው በእናቱ ሞላው።

ሥጋውን ልወረውረው ስል ከለከለችኝና ለሽባው ጎረቤታችን ላከችው። ከዚያ ጉልበቷን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የጋገርነውን ላቫሽ ጠቅልላ፣ ምርኩዟን ይዛ ዳገቱን ወጣች። እኔም ተከተልኳት። ጋረጊን ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሻማ እያበራ ነው አሉን። ቅዱሱ ከእባብ ጋር የማቀቀበትን ቦታ ያ ቦርጫም ለፎቶ መነሻ አድርጎታል።

እማማ በቀዳዳው ጎንበስ ብላ ጠራችው።

«እማማ? አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ከጨለማው።

«ቅዱሱንም በዚህ ቀዳዳ ዳቦ እየጣለች ያኖረችው ድሃ መበለት ናት። እንካ፣ ከሰባተኛው ቤት ነው» ብላ ቂጣውን ቁልቁል ለቀቀችው።

እስኪወጣ አልጠበቀችም። ቦርጩ መሰላሉ ላይ ተወትፎ «እማማ! እማማ!» ሲል እየሰማን ዳገቱን ወረድን። ቤት ገብተን የቀዘቀዘውን ምሳችንን ለሁለት በላን። እሱ በዚያው ወደ ሞስኮው ሄደ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይሉ የለ፤ እኔ ግን ንቄዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዳታማልጂኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ትልቋን ልጅሽንም ትንሹንም ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዴት ናት ይሉሻል። ጋረጊን ከደወለልሽ ከእኔ ሰላምታ የለውም። እማማ ግን፣ ቂጣውን በልቶት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላለች።

እህትሽ ሹሻን
ፖክር ቬዲ፣ ከኾር ቪራፕ ገዳም ሥር
ሰኔ 24 ቀን