የአላባማዋ ፈገግታ

ሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአዳማው የእንግሊዝኛ መምህራን ስልጠና ሌላ ሰው ተመረጠ። ርእሰ መምህራችንን ጋሽ ደሴን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ "እኔ ምን ላድርግ? ገና ናት ያለችን ኬሊ ናት። አልነገረችሽም እንዴ?" አሉኝ።

ኬሊ! አሜሪካዊቷ በጎ ፈቃደኛ፣ ክፍሌ ገብታ ስታየኝ ሁሉ "ጎበዝ ነሽ" እያለች የምታቅፈኝ! "እኛ አላባማ ሰው ፊት ክፉ ቃል አንናገርም፤ ባለጌ ያለው ኒውዮርክ ነው" ስትለኝ አምኛት ነበር። አብሯት የመጣው ማርክ የኒውዮርክ ሰው ነው። አምና ሳስተምር አይቶ "አንቺ ብቻ ታወሪያለሽ፤ ተማሪዎቹ አፋቸውን አይከፍቱም" ስላለኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም። ያኔ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ…

እኔ ደግሞ ላገኘሁት ሁሉ "የአላባማ ሰው ቁርጥ የኛ የጎጃሞች ነው፤ ሰው አያስቀይምም" እያልኩ ሳወራላት ከረምኩ።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ አገኘችኝ። "እህቴ!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። ዛሬስ ልኳን እነግራታለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"ለአስተርእዮ ማርያም እኔ ቤት ነሽ" አልኳት እየሳቅሁ። "በሞቴ፣ እንዳትቀሪ!"